ለሜታ ኩባንያ የቦርድ አባላት፦ ለቋንቋችን ስንት ሰው መደባችሁ?



ፌስቡክ ነጻ ነው ይባላል። ኩባንያችሁ በፈረንጆች 2024 ያስገባው ከ160 ቢሊዮን ዶላር በላይ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ከማስታወቂያ የተገኘ ነው። ማስታወቂያው የሚሸጠው ሰው ስልኩ ላይ አፍጥጦ በቆየ ልክ ነው፤ ቁጣ ደግሞ ሰውን አፍጥጦ ያቆያል። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዓመታት በአማርኛ፣ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ ሲጻፍ የከረመውን ያነበበ ሁሉ ይህን ያውቃል።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ናይሮቢ በመሠረቱት ክስ እንደሚሉት፣ ከግድያው በፊት የአባታቸው ፎቶ ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ፣ የሚኖሩበት ሰፈርም ተጠቁሞ ነበር። ደጋግመው ሪፖርት አደረጉ። አንደኛው ጽሑፍ እንደሚነሳ የተነገራቸው አባታቸው ከሞቱ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ኩባንያችሁ የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው በ2017 ዓ.ም. ወሰነ። ፍርዱን ለዳኞቹ እተዋለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሪፖርቱ ሲደርስ አማርኛ አንብቦ የሚወስን ሰው ስንት እንደነበረ አለመታወቁ ነው።

የቀድሞ ሠራተኛችሁ ፍራንሲስ ሃውገን በ2021 ለአሜሪካ ሴኔት ቃሏን ስትሰጥ፣ ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል ከምታወጡት 87 በመቶው ለእንግሊዝኛ እንደሚውል ተናግራለች። ማልታን ደግሞ ተመልከቱ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት፤ ለቋንቋዋ ስንት የይዘት ተቆጣጣሪ እንደመደባችሁ ግን ለሕዝብ ታሳውቃላችሁ፣ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ያስገድዳችኋልና። አማርኛን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ይናገረዋል፤ እንዲህ የሚያስገድድ ሕግ ግን የለውም።

ከኢትዮጵያ የሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ጥበቃ በገበያ ስፋት ከተደለደለ ድሃ አገር ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ነው፤ ጦርነት የሚነሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። ስለዚህ ከጠቅላላ ገቢያችሁ የተወሰነ መቶኛ በተናጋሪው ብዛትና በአደጋው መጠን ለየቋንቋው ይመደብ። የቁጥጥሩን ሥራ የሚሠሩት ወጣቶችም በቂ ደመወዝና የሥነ ልቦና ሕክምና ያግኙ፤ ናይሮቢ ላይ በስክሪን ሬሳና ደም ሲያዩ የዋሉት ተቆጣጣሪዎች ፍርድ ቤት እስኪሄዱ መጠበቅ አልነበረባችሁም።

መንግሥታችን በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክን ለአምስት ወር ገደማ ዘግቶ ነበር። እኔ የምጠይቀው ይህን አይደለም፤ ሲዘጋ ነጋዴውም፣ ዘመዱን የሚፈልገውም አብሮ ይታፈናል።

አብዛኛው ድምፅ በማርክ ዙከርበርግ እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥያቄ ለማንሳት ግን አብላጫ ድምፅ አያስፈልጋችሁም። ከሚቀጥለው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ በፊት ለአማርኛ፣ ለትግርኛ፣ ለአፋን ኦሮሞና ለሶማሊኛ የተመደቡትን ተቆጣጣሪዎች ቁጥርና በጀታቸውን ኩባንያው ይፋ እንዲያደርግ ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ