ከቤቱ ኪራይ በፊት መንገዱ

ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ለመማር ከየክልሉ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ወጣት ሠራተኞች ከምዝገባው ወረፋ ቀጥሎ የሚያስጨንቃቸው የቤት ነገር ነው። ደመወዙ የታወቀ ነው፤ ከእርሱም ላይ ለእናት ለአባት የሚላክ አለ፤ ባለትዳሩም ቤተሰቡን አገር ቤት ትቶ ስለሚመጣ ሁለት ጎጆ ያስተዳድራል። ስለዚህ ደላላው «ርካሽ ቤት አለ» ያለ እንደሆነ የት እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ እሺ ማለታቸው አያስገርምም።

ርካሹ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከከተማው ዳር፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ነው። ቤቱን አንነቅፍም። አዲስ ነው፤ መጸዳጃው የራሱ ነው፤ ሁለት ሦስት ሆነው ቢከራዩት ለየራስ የሚደርሰው ቀላል ነው። ነገር ግን ከዚያ ተነሥቶ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ከአንዱ ታክሲ ወርዶ ሌላውን መሳፈር ግድ ይሆናል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ሐዲዱ ስድስት ኪሎ አይደርስም። መሄጃው አንድ ሰዓት ተኩል፣ መመለሻውም እንዲሁ ነው ብንል፣ በሳምንት አምስት ቀን የሚመላለስ ተማሪ 15 ሰዓት በመንገድ ላይ ያጠፋል። ይህ ሁለት የሥራ ቀን ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ገንዘቡንም ቢሆን እንቁጠረው። በሩቁና በቅርቡ ቤት መካከል ያለው የኪራይ ልዩነት በወር 2,000 ብር ነው እንበል። ለ22 የትምህርት ቀን ስናካፍለው ለአንድ ቀን 91 ብር ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ የደርሶ መልሱ ታክሲ፣ ከቤት ርቆ ሲዋል የሚበላውም ምሳ ተደምሮ ከዚህ ካለፈ፣ ርካሽ የተባለው ቤት ርካሽነቱ የት ላይ ነው?

ከመካከላችን አንዱ ይህን ሒሳብ ሳያደርግ ዓመት ከመንፈቅ ከዳር ተመላልሷል። የማታ ትምህርቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሲያልቅ ታክሲ ጥበቃ ይሰለፋል፤ እቤቱ ሲገባ እንጀራውን እንኳ ሳያሞቅ ይተኛል። ፈተናውን ሁሉ አለፈ፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ግን እንደተጀመረ ቀረ። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ጊዜ አለቀና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ስለዚህ የእኛ አሳብ፣ ክፍሉ ቢጠብም በእግር ከሚደረስበት ይሁን የሚል ነው። ሽሮ ሜዳ፣ ምነን፣ አፍንጮ በር፣ እግረ ጠንካራ ለሆነም ፈረንሳይ ለጋሲዮን፤ በእነዚህ ሰፈሮች ከባለቤቱ ግቢ ጓሮ የተሠሩ የጭቃ ክፍሎች ይገኛሉ። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ውሃው በፈረቃ ይመጣል። በሽሮ ሜዳ የሸማኔው ድምፅ ከንጋት ጀምሮ ይሰማል፤ መንገዱም ወደ እንጦጦ ስለሆነ ጠዋት ቁልቁለት፣ ማታ ዳገት ነው። (ዳገቱን የሚያማርሩ አሉ፤ እኛስ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ሰው አንጠላውም።) በአንጻሩ ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ ማንበብ ይቻላል። የቆዩ ጽሑፎችን የሚመረምር ተማሪማ፣ እቤት የማይወሰዱ ናቸውና፣ ከዚያው ከመቀመጥ በቀር ምርጫ የለውም።

ቀደም ብለው የተመረቁ ወንድሞች «ፒያሳ ጓሮ ፈልጉ» ቢሉ ምክራቸው ጊዜው አልፎበታል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በአራት ኪሎ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ሌላም ቦታ ቢሆን የሚከራዩት ቤት ለመፍረስ የታሰበ እንደሆነና እንዳልሆነ አስቀድሞ ወረዳውን መጠየቅ ነው።

ውሉንም በቃል አንተወው። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። ሁለት ዓመት ደግሞ ለተማሪው ልክ የትምህርቱ ዘመን ነው። ብዙ አከራዮች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው እንደሚጠቁር እናውቃለን፤ ቢሆንም በትሕትና መጠየቅ ነውር የለበትም።

ቤቱን ለማየት በእሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሲያምር መሄድ ብቻውን አይበቃም። በሥራ ቀን ማታ፣ ከትምህርት መውጫው ሰዓት ተነሥቶ በእግር እስከ በሩ ድረስ መሄድ፣ የመንገዱን መብራትና ጭቃ ማየት ይሻላል። በዚያውም ባለቤቲቱን፣ «እትዬ፣ በሩ በስንት ሰዓት ይቆለፋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። «አንድ ሰዓት» ያሉ እንደሆነ አመስግኖ ወደሚቀጥለው ግቢ ማለፍ ነው።