ሜክሲኮ ላይ ከባቡር የወረደ ሰው

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ የቆመ ሰው ቀና ቢል የባቡር ጣቢያውን ያያል፣ ዝቅ ቢል ደግሞ ሰልፉን። ላይ በኮንክሪት ድልድዩ ላይ ሁለት የባቡር መስመሮች አንድ ሐዲድ ተጋርተው ያልፋሉ። ታች የጀሞ፣ የአየር ጤና፣ የለቡና የሳር ቤት ታክሲ የሚጠብቅ ሕዝብ ተጠማዞ ቆሟል። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ባቡሩ ሥራ ከጀመረ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ያቺን ደረጃ ግን ከተማዋ እስካሁን አልወረደቻትም።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ደስታው እውነተኛ ነበር። 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ፣ 39 ጣቢያና 41 ባቡር ያለው ፕሮጀክት ነው። ታሪፉ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ይዞ ለሽርሽር ብቻ የሚሳፈር አባወራ ሁሉ ነበረ። ያኔ ሁሉም ስለ ባቡሩ አወራ፤ ከባቡሩ የወረደው ሰው ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

የመስመሩን ቅርጽ ላስተዋለ ሰው የጥያቄው ክብደት ይገባዋል። አንዱ መስመር ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሌላው ከቃሊቲ ተነስቶ ምኒልክ አደባባይ ይደርሳል። ሁለቱ ስታዲየም ላይ ተገናኝተው ለገሃርን፣ ሜክሲኮንና ተግባረ ዕድን አብረው አልፈው ልደታ ላይ ይለያያሉ። 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በእነዚህ አምስት ጣቢያዎች መስመር መቀየር የፈለገ ሰው ዋሻ ለዋሻ መሄድ፣ መንገድ ማቋረጥ አይጠበቅበትም፤ ወርዶ እዚያው ቆሞ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነው። ብዙ ሀብታም ከተሞች ይህን ያህል ቀላል መለዋወጫ የላቸውም። ንድፉን ያወጡት ሰዎች እዚህ ላይ ሊመሰገኑ ይገባል።

ነገር ግን ይኸው ጥቅም ጉዳትም አለው። ሁለት መስመር በአንድ ሐዲድ ሲሄድ ሜክሲኮ ላይ የቆመ አንድ ብልሽት የአያቱንም የቃሊቲውንም መንገደኛ ያስቀራል። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት ከአገልግሎት ውጭ ሆነው የቆዩበትን ጊዜ ተሳፋሪው አይረሳውም። በመለዋወጫ ጣቢያ ላይ ይህ እጥረት በእጥፍ ይታያል። ከአያት የመጣው ባቡር ስታዲየም ሲደርስ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ወደ ቃሊቲ የሚሄደው ደግሞ መቼ እንደሚመጣ የሚነግር የለም። ቀያሪው ሁለት ጊዜ ይጠብቃል፣ ሁለት ጊዜ ይጋፋል።

የመለዋወጫ ዕቃው ችግር የውጭ ምንዛሪ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ከውጭ የሚገባ ብሎን ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ይህን በአንድ ጀምበር መፍታት ለማንም ይከብዳል። ሆኖም ከጣቢያው በታች ላለው ችግር ዶላር አያስፈልግም። እዚህ ላይ ነው ምክንያቱ የሚያልቀው።

አንዲት ሰንጋ ተራ ካሉት ባንኮች ባንዱ የምትሠራ፣ ቤቷ ጀሞ የሆነ እናት እናስብ። ባቡሩ ጀሞ አይደርስም። አየር ጤናም፣ ለቡም አይደርስም። የከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ያ ሁሉ ኮንዶሚኒየም የተሠራበት አካባቢ፣ ከሐዲዱ ውጭ ነው። ስለዚህ ለዚያ ሕዝብ መግቢያና መውጫው ሜክሲኮ ነው። ከአያት በባቡር የመጣው፣ ከመርካቶ በእግሩ የመጣው፣ ከቢሮ የወጣው ሁሉ እዚያ ወርዶ ታክሲ ይፈልጋል። ታዲያ ከጣቢያው ደረጃ ሲወርድ የሚቀበለው ምንድን ነው? የጀሞ ሰልፍ የት እንደሚጀምር የሚያሳይ ምልክት የለም። ጠይቆ ነው የሚገኘው፤ የሚጠየቀውም ሊስትሮው ወይም ተራ አስከባሪው ነው። ክረምት ላይ ሰልፈኛው ከድልድዩ ሥር ጠልሎ ታክሲ ሲመጣ በዝናብ ይሮጣል፤ ያኔ ሰልፍ የሚባል ነገር ይቀራል። ሮጦ መጋፋት የማይችል ሰው፣ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር፣ ልጅ ያዘለች ሴት ወደ ኋላ ይቀራሉ። በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ደግሞ ከፍ ያለ ጣቢያ ማለት ሊፍት ማለት ነው። ሊፍቱ ባልሠራ ቀን ለእሱ ጣቢያው የለም።

ከሜክሲኮ ትንሽ ወረድ ሲሉ ለገሃር ነው። የአገሪቱ ባቡር ታሪክ እዚህ ነው ያለው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ደረሰ፤ ሕንጻው በ1922 ዓ.ም ተመረቀ። ከፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ በፋሺስቶች ተዘርፎ ሮም ከከረመ በኋላ ተመልሶ ቦታውን አግኝቷል። አንበሳው ተመልሷል፣ የጅቡቲው ባቡር ግን አልተመለሰም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ሲመረቅ ጣቢያው የተሠራው ከከተማው ዳር፣ ለቡ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቀላል ባቡሩና የጅቡቲው ባቡር በአንድ ዓመት ልዩነት የተመረቁ፣ ሁለቱም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ፣ ሁለቱም በቻይና ብድር የተሠሩ ናቸው። ቀላል ባቡሩን የገነባው ተቋራጭ የጅቡቲውን መስመር ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውንም ገንብቷል። ያም ሆኖ ሁለቱ ባቡሮች የትም ቦታ አይገናኙም። ድሬዳዋ ለመሄድ የተነሳ የአያት ነዋሪ በባቡር ሜክሲኮ ይደርሳል፣ ሻንጣውን ተሸክሞ ደረጃ ይወርዳል፣ የለቡ ታክሲ ሰልፍ ይይዛል፣ ከዚያ እንደገና ባቡር ይሳፈራል። በሁለት ባቡር መካከል ያለው ድልድይ አንድ ሚኒባስና አንድ ወያላ ነው። (ወያላው በሻንጣው ልክ ሂሳብ መጨመሩ ደግሞ የታወቀ ነው።) ሐዲድ ለመቀጠል ገንዘብ የለም ቢባል እንኳ ከሜክሲኮ ለቡ ጣቢያ በባቡሩ መነሻ ሰዓት የሚሄድ አንድ አውቶቡስ መመደብ ስንት ያስወጣል?

አካባቢው ግን ገንዘብ አላጣም። ለገሃር ላይ በኅዳር 2011 ዓ.ም በአቡዳቢው ኢግል ሂልስ 36 ሄክታር ላይ የሚያርፍ የመኖሪያና የንግድ ሰፈር ይፋ ሆነ። መስቀል አደባባይ ታድሶ 2013 ዓ.ም ሲከፈት ከሥሩ 1,400 ያህል መኪና የሚይዝ ማቆሚያ ይዞ ነበር። የኮሪደር ልማቱም መንገዱን አስፍቷል፤ የእግረኛ መንገድ መስፋቱ በእውነት ጥሩ ነው፣ የሚነቀፍም አይደለም። ይሁንና ለ1,400 መኪና መጠለያ የገነባች ከተማ፣ ከመኪና ማቆሚያው በእግር የሚደረስበት ሜክሲኮ ላይ ለታክሲ ሰልፈኛ ቆርቆሮ ካልዘረጋች፣ ማን እንደታሰበና ማን እንዳልታሰበ ግልጽ ነው። መኪና ያለው የከተማው ሰው ጥቂት ነው። ሰልፈኛው ደግሞ ግብር ከፋይ ነው፤ የባቡሩንም ብድር የሚከፍለው እሱው ነው።

«ታክሲ ተራው ለጊዜው ነው፣ ወደፊት ይነሳል» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። በዚህ ከተማ ታክሲ ተራ ሲነሳ የታየው ብዙ ጊዜ ነው፤ ሰውየው ግን አብሮ አይነሳም። ተራው ሁለት መቶ ሜትር ገፋ ይላል፣ ተሳፋሪው ያን ሁለት መቶ ሜትር ተጨምሮበት በእግሩ ይሄዳል። ታክሲን ከጣቢያ ማራቅ ለአደባባዩ ውበት ይሰጥ ይሆናል። ለባቡሩ ግን ኪሳራ ነው፤ ወርዶ ታክሲ የማያገኝ ሰው ነገ ከመነሻው ጀምሮ በታክሲ ይሄዳላ።

ባቡሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ነው፣ አውቶቡሱ የሌላ፣ ታክሲው የማኅበራት፣ መንገዱ የሌላ። ደረጃው የሚያልቅበት ቦታ የማንም አይደለም። ለዚህ ነው እዚያ ቦታ ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ጉድጓድ ሲከፈት፣ ሰልፍ ሲበተን ስልክ የሚደወልለት ሰው የማይገኘው። የከተማው አስተዳደር ቢያንስ ለሜክሲኮና ለስታዲየም አንድ ኃላፊ ይሹም፤ ከላይ ያለውንም ከታች ያለውንም የሚጠየቅበት፣ ስሙና ስልኩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ። ከዚያ ጣሪያው፣ ምልክቱ፣ የለቡ አውቶቡስ። ከሚቀጥለው ሐምሌ በፊት ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው።