«ብሪንግ አፕ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ብሪንግ» ማምጣት፥ «አፕ» ወደ ላይ ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ግን ትርጓሜያቸው ይበዛል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓመት በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፥ መርዶክዮስ እናት አባት የሌላትን አስቴርን እንዳሳደጋት የተነገረው በዚሁ ቃል ነው። ነገር ማንሣትም፥ የበሉትን ማስመለስም፥ ተከሳሽን ከዳኛ ፊት ማቅረብም በዚሁ ይነገራል።

ወላጆች ሆይ፤ እኔ የችሎት ጸሐፊ ስለ ሆንሁ የኋለኛውን ትርጓሜ ዘወትር አያለሁ። ከሚቀርቡት ወጣቶች መካከል የፊተኛውን ትርጓሜ በቤታቸው ሳያገኙ የቀሩ አሉ፤ የአገራችንም ሰው «አሳዳጊ የበደለው» ይላቸዋል። አስቴር የሙት ልጅ ስትሆን አሳዳጊ ስላገኘች ለንግሥትነት በቃች። እንግዲህ ልጃችንን ዛሬ እኛ ካላሳደግነው፥ ነገ ዘበኛ ከዳኛ ፊት ያቀርብልናል።