ዓይን ስንት በመቶ ነው?

መቼም «ዓይን ያወጣ ውሸት» ሲባል ሰምታችኋል። ዓይን ያወጣ ሕግስ? አለ፤ ያውም «ወታደሮቼን አከብራለሁ» ብላ በምትምለው አሜሪካ። (በዚያ ጦር ውስጥ ያገለገሉ የኛ ልጆችም ስላሉ «ምን አገባህ» የምትሉኝ ቆዩኝ።)

በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደንብ፣ በአገልግሎት ላይ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ያጣ ሰው ሌላኛው ዓይኑ ደህና ከሆነ ጉዳቱ 30 በመቶ ነው። ለጠፋችው ዓይን የምትታከል ትንሽ ወርሃዊ ገንዘብም አለች። ሌላ ሕመም ካለበት ደግሞ ሒሳቡ የጉድ ነው። እዚያ ቤት 50 እና 30 ሲደመር 80 አይሆንም፤ 65 ይሆንና ወደ 70 ይጠጋጋል። «ሰው ከመቶ በላይ አይጎዳም» ነው ምክንያታቸው። ይሁን፣ ይሄስ ይገባኛል።

የማይገባኝ ምርመራው ነው። ቦምብ አጠገቡ የፈነዳበት ወታደር፣ መነጽር አድርጎ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ ሊጠራ ይችላል። ቤቱ ገብቶ ሁለት ገጽ ሲያነብ ግን ራሱን ይፈልጠዋል፣ መስመሩ ይጠፋበታል፣ ብርሃን ይወጋዋል። ደንቡ የእይታ ስፋትና የዓይን ጡንቻም ሊመዘን እንደሚችል ይናገራል። መርማሪው ካልለካውስ? ወረቀቱ ላይ «ዓይኑ ጤነኛ ነው» ይባላል፤ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል።

ይግባኝ በል ይሉታል። በ2017 ወጥቶ በ2019 ሥራ የጀመረው ሕግ ሦስት በር ከፍቷል፦ አዲስ ማስረጃ ይዞ መመለስ፣ በከፍተኛ ባለሙያ ማስመርመር፣ ወይም ወደ ይግባኝ ቦርዱ መሄድ። ሁለተኛው በር አዲስ ማስረጃ አይቀበልም። ይሄን ሳያውቅ የገባ ወራቱን በልቶ ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል። ማንበብ ለተሳነው ሰው ደብዳቤ ልኮ «አንብብና በር ምረጥ» ማለት ምን ይባላል?

«አስመሳዩስ?» ትሉኛላችሁ። አለ። ግን አስመሳይ ይግባኝ አያደክመውም፤ የሚደክመው እውነተኛው በሽተኛ ነው። ማስረጃው ግራና ቀኝ እኩል ሲመዝን ጥርጣሬው ለወታደሩ ይተርጎም የሚለው የራሳቸው ሕግ ነው። ታዲያ ጎዶሎውን ምርመራ ውሳኔ ሳይሰጥ በፊት ለሐኪሙ የሚመልሰው፣ የወታደሩን ፋይል የያዘው መሥሪያ ቤት ለምን አይሆንም? ለምን በሽተኛው?

እስከዚያው ግን ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ መጀመሪያ ቀኑን ይመልከት፤ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው በር ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ብቻ ነው ያለው። በነጻ የሚረዱ የወታደር ማኅበራት ተወካዮችም አሉ፤ ደብዳቤውን ያነቡለታል።