ድኻና ሌባ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም

በረንዳ አዳሪው በዝቷልና የአዲስ አበባ እንግዳ በፒያሳ አካባቢ ባያድር ይሻለዋል ሲሉ በጋዜጣ የመከሩት ጸሐፊ፥ ለእንግዳው ደኅንነት ማሰባቸው የሚያስመሰግናቸው ሲሆን፥ ነዳይንና ሌባን አንድ አድርገው መፍረዳቸው ግን ከእውነትም ከርትዕም የራቀ ነው።

ኪስ አውላቂ የሚሻው ግርግርን ነው፤ አንዱ መንገደኛውን ገፍቶ ይቅርታ ሲጠይቅ ባልንጀራው ስልኩን ይመነትፋል፤ ለዚህም ሥራ ደኅና ለብሶ ከመንገደኛው መመሳሰል እንጂ በቡትቶ ተጠቅልሎ መተኛት አይበጀውም። ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ከተማ የኅዳርን ውርጭ በካርቶን ላይ ተኝቶ የሚያሳልፈው ምስኪን ግን፥ የሚዘጋው በር የሌለው ነውና፥ ከእንግዳው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠው እርሱ ነው። ወር በገባ በ23 በቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ የተሰለፉትን ነዳያን ያየ ሰው፥ እጃቸው ለምጽዋት እንጂ ለቅሚያ እንዳልተዘረጋ፥ ለሰጪውም ምርቃት እንደሚመልሱ ያውቃል።

እንግዳው ንብረቱን ይጠብቅ፥ ሲመሽም በእግሩ ከመሄድ በታክሲ ይሂድ፤ ይህ ማስተዋል ነው። በአርአያ እግዚአብሔር የተፈጠረውን ድኻ እንደ አውሬ እንዲሸሽ ማስተማር ግን ጥንቃቄ ሳይሆን ግፍ ነውና፥ ጸሐፊው ምክራቸውን ሊያርሙ ይገባል፤ ከተማይቱም መጠለያ ታብዛ እንጂ ነዳያኗን ከእንግዳ ዐይን ለመሰወር አትድከም።