ከፍቺ በኋላ ልጅን ድንበር ማሻገር

አርሂባ በጅቡቲ ከተማ ከወደቡ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ የሠራተኞች ሰፈር ነው። ነዋሪዎቹ በብዛት አፋሮች ሲሆኑ፣ ወገኖቻቸው ከድንበሩ ወዲህ በኢትዮጵያም ይኖራሉ። ከዚህ ሰፈርም ሆነ ከሌሎቹ የከተማይቱ ሰፈሮች ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ መሻገር የቆየ ልማድ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነበር። በዚያ መስመር የተመላለሰው ቡናና ጨው ብቻ አይደለም፤ ሰው ተጋብቶበታል፤ ተፋትቶበታልም።

ነገሩ አንዳንድ ጊዜ ጠብ ሳይመስል ይጀምራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ የሚቻለው ቤተሰብ ልጆቹን ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ከተፋቱት ወላጆች አንዱም «ለዕረፍት ነው» ብሎ ልጁን ይዞ ይሄዳል። መስከረም ሲጠባ የጎረቤት ልጆች ሁሉ ይመለሳሉ፤ ያ ልጅ ግን አይመለስም። ጠለፋ ብሎ የሚጠራው የለም፤ የሆነው ግን ከዚያ ብዙም አይለይም።

ልጁን ይዞ የሚሄደው ወላጅ ምክንያት የለውም ማለት አይደለም። አንዲት ሴት ከባሏ ተለይታ በጅቡቲ ብቻዋን ብትቀር፣ የቤት ኪራይ ሲከብዳት፣ እናቷና እኅቶቿ ደግሞ ድሬዳዋ ቢኖሩ፣ ወደ እነርሱ መሄዷ ምን ያስወቅሳታል? እርሷን «ከዚህ ከተማ ንቅንቅ እንዳትዪ» ማለት ፍቺውን ወደ ግዞት መለወጥ ነው። ከድብደባ የምትሸሸውንማ ለምን አላማከርሽም ብሎ የሚጠይቃት አእምሮ ያለው ሰው አይገኝም። ይሁን እንጂ የእናቲቱ የመሄድ መብት የልጁን አባት የማየት መብት አይሽርም። በወደቡ ጭነት ሲያወርድ የሚውለው አባት ልጁ የት ትምህርት ቤት እንደገባ ከመንገደኛ አፍ ቢሰማ፣ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። በጅቡቲ በፈረንሳይኛ ሲማር የቆየው ልጅ ድሬዳዋ ሲደርስ የማያውቀው ቋንቋ ይጠብቀዋል፤ አራተኛ ክፍል ደርሶ ከነበረም ከታናናሾቹ ጋር እንደ አዲስ ፊደል ይቆጥራል።

ሕጉ ምን ይላል? በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ፍርድ ቤት ፍቺን በሚወስንበት ጊዜ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸው፣ ጤናቸውና ቀለባቸው እንዴት እንደሚሆን፣ ከወላጆቻቸውም ጋር እንዴት እንደሚጠያየቁ አብሮ እንዲወስን ያዛል። ጅቡቲም በ1994 ዓ.ም. የራስዋን የቤተሰብ ሕግ አውጥታለች። ችግሩ ያለው በሁለቱ መካከል፣ ደወሌና ጋላፊ ላይ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንደሚያዘው፣ በውጭ አገር የተሰጠ ፍርድ በኢትዮጵያ እንዲፈጸም ማመልከቻ መቅረብና ልዩ ልዩ ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። ይህ እስኪሆን ድረስ ሕፃኑ ያድጋል፤ የአባቱንም መልክ ይረሳል።

በ1973 ዓ.ም. በሄግ ከተማ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ያለ አግባብ ከአገር የተወሰደ ልጅ ይኖርበት ወደነበረው አገር በፍጥነት እንዲመለስ ይደነግጋል፤ መመለሱ ለከባድ አደጋ የሚያጋልጠው ከሆነ ግን ላይመለስ ይችላል። ኢትዮጵያም ሆነች ጅቡቲ በዚህ ስምምነት ውስጥ አልገቡም። ሁለቱም በ1983 ዓ.ም. የተቀበሉት የሕፃናት መብቶች ስምምነት ግን፣ ወላጆቹ በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ ልጅ ከሁለቱም ጋር ዘወትር የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ልጆችን ያለ አግባብ ወደ ውጭ አገር መውሰድንና አለመመለስን ለመከላከል መንግሥታት እርስ በርሳቸው እንዲስማሙም ያሳስባል። እንደ ጅቡቲና እንደ ኢትዮጵያ ሰው በየዕለቱ የሚተላለፍባቸው ጎረቤታሞች ይህን ጉዳይ ከጭነትና ከወደብ ኪራይ በታች አድርገው ሊያዩት አይገባም።

እስከዚያው ድረስ ልጁን የሚጠብቀው ከጉዞው በፊት የሚደረግ ስምምነት ነው። ሽማግሌዎች ከተቀመጡ፣ ስለ ጥሎሽና ስለ ዕቃ ክፍያ ብቻ ተነጋግረው አይነሡ። ልጁ የት እንደሚኖር፣ በምን ቋንቋ እንደሚማር፣ በየትኛው ወር ወደ አርሂባ እንደሚመለስና ምን ያህል እንደሚቆይ በጽሑፍ ይስፈር፤ ፍርድ ቤትም ያጽድቀው። ነፍስ ያወቀ ልጅ ከሆነ እርሱም ይጠየቅ፤ ሆኖም «እናትህን ነው ወይስ አባትህን የምትወደው?» ተብሎ አይደለም። የሚቀረው ወላጅም ፈቃዱን የመበቀያ መሣሪያ አያድርገው። አባት ከወደብ ሥራው ፈቃድ የሚያገኝበት ጊዜ ታውቆ ይጻፍ፤ የመጓጓዣውንም ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ሳይነገር አይታለፍ፤ በደኅና ቀን የተደረገው ስምምነት የሚፈርሰው በዚህች ሒሳብ ሊሆን ይችላልና።