የጓሯችን ገጽ፦ ብስባሹ ለበልግ ይድረስ

በአንጋጫ የበልግ ዝናብ በየካቲትና በመጋቢት ይጀምራል። ጎመኑ የሚተከለው ያን ጊዜ ነው። ብስባሽ ግን በአንድ ወር አይደርስም። ሦስት አራት ወር ይፈልጋል። ስለዚህ ጉድጓዱን በጥቅምት እንቆፍር። ያኔ ሣሩ ገና እርጥብ ነው።

«ፍግ እያለ ብስባሽ ምን ያደርግልናል?» ይሉናል እናቶች። እውነታቸውን ነው። ፍጉን ተሸክመው እንሰቱ ሥር የሚያፈሱት እነሱ ናቸው። ከእንሰቱ ነጥቀን ለጎመን እንስጥ አንልም፤ ቆጮ ከሌለ ጎመኑ ከምን ጋር ይበላል? ጥቂት ፍግ ግን ከቅጠልና ከገለባ ጋር ሲበሰብስ ይበረክታል። ለሁለቱም ይዳረሳል።

ጥላ ያለበት ቦታ እንምረጥ። ጉድጓዱ ወርዱም ጥልቀቱም 1 ሜትር ይሁን። ከታች ደረቅ ገለባ አንድ ስንዝር ያህል እናንጥፍ። ከላዩ እርጥብ ሣርና ቅጠል፤ ከዚያ ስስ ፍግ፤ ከዚያ አፈርና ጥቂት አመድ። ውሃ እናርከፍክፍበት። እስኪሞላ እንዲሁ እንደራርብ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ይቅርብን። መሐሉ ላይ ረጅም ዱላ ተክለን በኮባ እንሸፍነው።

በሳምንቱ ዱላውን ነቅለን እንዳስሰው። ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው ተጀምሯል። ደረቅ ከሆነ ውሃ ይጨመር። ቀዝቅዞ ከገማ ውሃ በዝቶበታል፤ ይገላበጥ። ደህና ቢሆንም በወር አንድ ጊዜ እናገላብጠው።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። አጠውልግ የያዘው እንሰት እዚህ ጉድጓድ አይግባ! ሊቃውንት ስለዚህ በሽታ በ1960 ዓ.ም. ገደማ ጽፈዋል። እስከ ዛሬ ግን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ቢላዋ፣ ከብትና የታመመ ተክል ያዛምቱታል። እኛም አንድ ጊዜ «ቅጠል ያው ቅጠል ነው» ብለን የታመመውን ቆራርጠን ልንጨምር ነበር። አንድ አባት ደርሰው እጃችንን ያዙን። ባይደርሱ ኖሮ በሽታውን በገዛ እጃችን በጓሮው ሁሉ ልንበትነው ነበር። የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ ከጤነኛው እንሰት ርቆ በጥልቅ ይቀበር። የተቆረጠበት ቢላዋ በእሳት ይለብለብ። ሳይለበለብ ለጎረቤት እንኳ አይዋስ።

የደረሰ ብስባሽ መልኩ ይጠቁራል፤ ገለባው ከአፈሩ አይለይም። ሽታውም ዝናብ የነካው አፈር ነው። መደቡ ላይ በትነን ከአፈር ጋር እናዋሕደዋለን። የጎመኑን ችግኝ ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ እንተክላለን።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ቀይ ሥር ዘር እንጽፋለን።